አገር የሚያድገው በምንድነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም ስለ ኢኮኖሚ የምትጠይቁት ካለ ላኩልን ብለን ነበር። የመጣው ደብዳቤ ከጠበቅነው በላይ ነው። አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አንዱ አገር ሲያድግ ሌላው ባለበት የሚረግጠው ለምንድነው? የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። በዜና ኢኮኖሚው በዚህን ያህል በመቶ አደገ ሲባል እሰማለሁ። የሰው ኑሮ ግን በዚያ ልክ ሲለወጥ አላይም። ቁጥሩ ውሸት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩ የግድ ውሸት አይደለም። ግን የሚለካው አንቺ የምትጠይቂውን ነገር አይደለም። ጂዲፒ የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሩ የተመረተው ዕቃና የተሰጠው አገልግሎት በገንዘብ ሲተመን ነው። በቃ። ገንዘቡ ማን እጅ ገባ፣ ለስንት ሰው ደረሰ፣ ልጆች ተማሩበት ወይ፣ ወንዙ ተበከለ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የዚህን ሒሳብ መሠረት ከጣሉት ሰዎች ዋናው ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። እሱ ራሱ በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢ ቁጥር ተነስቶ ማወቅ እንደማይቻል አስጠንቅቋል። ቁጥሩን ሁሉም ወሰደው፣ ማስጠንቀቂያውን ግን ብዙዎች ረሱት።

የአየርላንድን ነገር ተመልከቺ። የ2015 ዕድገቷ መጀመሪያ ሲገለጽ ከ26 በመቶ በላይ ነበር። በአንድ ዓመት! አየርላንዳውያን ግን በዚያ ዓመት ኑሯቸው በሩብ አልተሻሻለም። የሆነው ነገር ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የፈጠራ መብቶቻቸውንና ሌላ ንብረታቸውን በወረቀት ወደ አየርላንድ ማዛወራቸው ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ራሱ ቁጥሩ ኑሮውን እንደማያሳይ ስላየ ሌላ መለኪያ ለማዘጋጀት ተገደደ። ናይጄሪያም በሚያዝያ 2014 የስሌቷን መነሻ ዓመት ከ1990 ወደ 2010 ስትቀይር ኢኮኖሚዋ በአንድ ሌሊት በ89 በመቶ ገዝፎ ተገኘ። ቀድሞ በወጉ ያልተቆጠሩት የሞባይል ስልክና የፊልም ሥራዎች ተቆጠሩ እንጂ በዚያ ሌሊት የተሠራ አዲስ ፋብሪካ የለም።

ልማት ስንል ሌላ ነገር እናያለን፤ ሰው ስንት ዓመት ይኖራል፣ ስንት ዓመት ይማራል፣ ገቢው ምን ያህል ነው። ማህቡብ ኡል ሐቅ የሚባል ፓኪስታናዊ ኢኮኖሚስት ከሕንዳዊው ኢኮኖሚስት ከአማርትያ ሴን ጋር እየተመካከረ በ1990 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ያወጣው የሰብአዊ ልማት መለኪያ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ይይዛል። በዚህ መለኪያ ስታዪ ነገሩ ይለወጣል። ኢኳቶሪያል ጊኒ በ1990ዎቹ ነዳጅ አግኝታ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ገባ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ግን ድሃ ሆኖ ቀረ። ኮስታሪካ ደግሞ በ1948 ሠራዊቷን አፍርሳ ገንዘቡን ወደ ትምህርትና ጤና አዞረች። ዛሬ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከአሜሪካ በብዙ ያነሰ ቢሆንም ሕዝቧ የሚኖረው ዕድሜ ከአሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ነው።

ይህ ማለት ዕድገት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሆስፒታል የሚሠራው በገንዘብ ነው። ግን ዕድገቱ ከየት መጣ፣ የትስ ሄደ ብለሽ መጠየቅሽ ትክክል ነው፤ አትተይው።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር በጣም ያበሳጨኛል። ነዳጅና አልማዝ ያላቸው አገሮች ድሃ ሆነው፣ ምንም የሌላቸው የሚከብሩት ለምንድነው? የአምላክ ቁጣ ነው እንዴ?

መልስ፦ ቁጣ አይደለም ወንድሜ። የሚሠራበት መንገድ አለው፣ ስለሚታወቅም መከላከል ይቻላል።

አንደኛው መንገድ በምንዛሪ በኩል ነው። ነዳጅ ሲሸጥ ዶላር ይጎርፋል። ዶላር ሲበዛ የአገሩ ገንዘብ ይጠነክራል። ይሄ ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ገበሬውና ፋብሪካው ለውጭ የሚሸጡት ዕቃ ለገዢው ውድ ይሆንበታል፣ ከውጭ የሚገባው ደግሞ ይረክሳል። እርሻውና ፋብሪካው ገበያ እያጡ ይዘጋሉ፣ ሠራተኛው ሙያውን ይረሳል፣ ወጣቱም ሁሉ ነዳጁ ዳር መጠጋት ይፈልጋል፤ ከዚያ አንድ ቀን የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የሚመለሱበት ሥራ አይኖርም። ሆላንድ በ1959 ግሮኒንገን ላይ ትልቅ የተፈጥሮ ጋዝ ካገኘች በኋላ ይህ ስለደረሰባት ችግሩ እስከ ዛሬ የሆላንድ በሽታ እየተባለ ይጠራል። ሆላንድን ያህል የተደራጀ አገር ከታመመ ሌላው እንዴት እንደሚሆን አስበው።

ሁለተኛው መንገድ የባሰ ነው። ገንዘቡን ከጉድጓድ የሚቀዳ መንግሥት የዜጋው ግብር አያስፈልገውም። ግብር የማይሰበስብ መንግሥት ደግሞ ለከፋዩ መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም። ሥልጣን መያዝ ማለት ጉድጓዱን መያዝ ስለሚሆን ሁሉም ለእሱ ይታገላል፣ አንዳንዴም በጠመንጃ።

ቬኔዝዌላ በተረጋገጠ የነዳጅ ክምችት ከዓለም አንደኛ ናት። ግን የተቀረውን ኢኮኖሚዋን አዳክማ በነዳጅ ብቻ ስለቆመች፣ በዚያ ላይ የዋጋ ቁጥጥሩና የገንዘብ ኅትመቱ ሲጨመር፣ ከ2014 በኋላ በሰላም ጊዜ እምብዛም ያልታየ ውድቀት ደረሰባት። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው አገሩን ጥሎ ወጥቷል። ይሄን ስጽፍ እንኳ ያመኛል፤ ከመሬት በታች ያን ያህል ሀብት ተኝቶ ከላይ ሰው ለምግብ ተሰደደ።

ኖርዌይ ግን በ1969 ነዳጅ ስታገኝ ቀድሞውኑ የሚሠራ ፍርድ ቤት፣ የተማረ ሕዝብና ታማኝ አስተዳደር ነበራት። በ1990 ፈንድ በሕግ አቋቋመች። የነዳጁ ገቢ ወደዚያ ይገባል፣ ፈንዱ በውጭ አገር ይነግድበታል፣ መንግሥት ደግሞ በዓመት መጠቀም የሚፈቀድለት ፈንዱ ያተርፋል ተብሎ ከሚጠበቀው ጋር የሚመጣጠን፣ አሁን 3 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው ሀብት ገና ላልተወለዱትም ይቆያል።

ኖርዌይ ድሮም ሀብታም ነበረች ትለኝ ይሆናል። እንግዲያው ቦትስዋናን ውሰድ። በ1966 ነፃ ስትወጣ በዓለም ላይ እጅግ ድሃ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። የአስፋልት መንገዷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ወደብ የላትም፣ አብዛኛው መሬቷ ደረቅ ነው። በማግስቱ ዓመት ኦራፓ በሚባል ቦታ አልማዝ ተገኘ። ፕሬዚዳንቱ ሰሬትሴ ካማ አልማዙ የተገኘበት መሬት የራሱ ጎሣ ቢሆንም የማዕድን መብቱ ከየጎሣው ወጥቶ የመላው አገር እንዲሆን አደረገ። ይህ ውሳኔ ለእኔ ከአልማዙ ይበልጣል። አልማዙን ከሚያወጣው ኩባንያ ከዲ ቢርስ ጋርም ተደራድረው ግማሽ በግማሽ ባለቤት ሆኑ፤ ገንዘቡ ትምህርት ቤትና መንገድ ላይ ዋለ፣ በ1994 ደግሞ ለነገ የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። ለአሥርተ ዓመታት ከዓለም ፈጣን ከሚባሉት ዕድገቶች አንዱን አስመዘገቡ። እርግጥ ነው ሥራ አጥነቱና የሀብት ልዩነቱ አሁንም ከባድ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ሲሻማ ደግሞ በአንድ ምርት ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል እያዩት ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ገንዘብ ማተም ከቻለ ለሁሉም አትሞ ለምን አይሰጥም? ልጄ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ልጅዎ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ገንዘብ ዕቃ የሚገዛ ወረቀት ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። ወረቀቱ አሥር እጥፍ ሆኖ ስንዴው ያው ከሆነ የሚጨምረው የስንዴው ዋጋ ነው። ዚምባብዌ በዚህ መንገድ ሄዳ በጥር 2009 የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት አሳተመች። በዚያው ዓመት ሕዝቡ የራሱን ገንዘብ ትቶ በሌላ አገር ገንዘብ መገበያየት ጀመረ። በዚህ ሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠው ሰውና ጡረተኛው ነው። ቤትና መሬት ያለው ይተርፋል። ገንዘብ ማተም በስውር የሚሰበሰብ ግብር ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሚከፍለውም ደካማው ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እኛ ስናስተምር የሕዝብ ብዛት የድህነት ምክንያት ነው እንል ነበር። አሁን ደግሞ ወጣት መብዛቱ ሀብት ነው ይላሉ። የቱን ልመን?

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። ቁም ነገሩ ከብዛቱ ይልቅ የዕድሜው አከፋፈል ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ስንት ሰው ይመግባል? ቤተሰብ ልጅ መውለድ ሲቀንስ፣ ቀድሞ የተወለዱት ደግሞ ለሥራ ሲደርሱ፣ ለሁለትና ሦስት አሥርተ ዓመታት አገሩ ውስጥ የሚሠራው ከሚጦረው ይበልጣል። በዚያ ጊዜ ቁጠባ ይጨምራል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚወጣውም ገንዘብ ያድጋል። የምሥራቅ እስያ አገሮች ይህን ወቅት በደንብ ተጠቅመውበታል። ግን መስኮቱ ይዘጋል። ደቡብ ኮሪያ በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ 0.72 ደርሶ ነበር፤ አሁን የሚያሳስባቸው ሽማግሌውን የሚጦር ወጣት ማግኘት ነው።

ወጣቱ ብቻውን ግን ምንም አያመጣም፤ ሥራ ይፈልጋል። ባንግላዴሽ በ1971 ነፃ ስትወጣ በጦርነትና በረሃብ የተጎዳች፣ እናቶች በአማካይ ሰባት ልጅ ገደማ የሚወልዱባት አገር ነበረች። ዛሬ ቁጥሩ ወደ ሁለት ወርዷል። የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎቱ በየቤቱ እየዞሩ በሚያስተምሩ ሴቶች መዳረሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ የልጃገረዶች ትምህርትና የልብስ ፋብሪካው ደግሞ አብረው መጡ። የፋብሪካው አጀማመር ራሱ የሚገርም ነው። በ1979 አንድ የአገሩ ኩባንያ 130 ያህል ሠራተኞቹን ወደ ደቡብ ኮሪያ ልኮ ልብስ ስፌትንና አስተዳደሩን አስተማረ። ከእነዚያ ሠልጣኞች ብዙዎቹ ቆይተው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም ሌላው ቤት ሄደው አሠለጠኑ። አሁን ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ከ80 በመቶ በላዩ ልብስ ነው፣ ከሠራተኞቹም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ደመወዝ ያላት ልጅ ትዳር ታዘገያለች፣ ታናሾቿን ታስተምራለች፣ ቤት ውስጥ ድምፅ ይኖራታል።

ዋጋውንም መናገር አለብኝ። በሚያዝያ 2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታውቆ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። እንዲህ ያለውን ሞት የዕድገት ዋጋ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የሕንፃ ተቆጣጣሪና የሠራተኛ ማኅበር ቢኖር ኖሮ የሚቀር ነበር።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ። አዲስ ማሽን ልግዛ ብዬ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ተውኩት። ገንዘብ አጥቼ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ምን ደንብ እንደሚወጣ አላውቅም። ኢኮኖሚስቶች ይህን ከቁም ነገር ይቆጥሩታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉም በላይ ይህን ነው የሚቆጥሩት ብልህ አላጋነንኩም። በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዳሮን አሴሞግሉ፣ ሳይመን ጆንሰንና ጄምስ ሮቢንሰን የተሸለሙት ለዚህ ነው፤ የአገሮች ተቋማት እንዴት ብልጽግናቸውን እንደሚወስኑ ስላጠኑ። ተቋም ሲባል ሕንፃ አይምሰልህ። ውል ሲፈርስ ፍርድ ቤቱ ይፈርድልሃል ወይ? ያለማኸውን መሬት ነገ አንድ ባለሥልጣን ይወስድብህ ይሆን? ፈቃድ ለማውጣት ሕጉ ይበቃል ወይስ የሚያውቁት ሰው ያስፈልጋል? ማሽን የሚገዛ ሰው ዛሬ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ የሚያገኘው ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ነገን ካላመነ አይገዛም። ገንዘቡን ቶሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ያውለዋል፣ ወይም መሬት ገዝቶ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ከአገር ያሸሸዋል። አንተ ያደረግኸው ውሳኔ በአንድ ሰው ሲታይ ትንሽ ነው፤ በሚሊዮን ሰው ሲባዛ ግን የአንድ አገር ዕጣ ነው።

የቻይናን አንድ መንደር ታሪክ ልንገርህ። በ1978 መጨረሻ አንሁይ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ሻውጋንግ በተባለች መንደር 18 ገበሬዎች በድብቅ ተሰበሰቡ። እርሻው የጋራ ነበር። ማንም ጠንክሮ ቢሠራ የሚደርሰው ያው ስለሆነ ማንም አይለፋም ነበር፣ መንደሩም ይራብ ነበር። እነሱ መሬቱን በየቤተሰቡ ተከፋፍለው፣ ለመንግሥት የሚሰጠውን ሰጥተው የቀረውን እያንዳንዱ ለራሱ ሊወስድ ተስማሙ። ያኔ ይህ ወንጀል ነው። መሪዎቻችን ቢታሰሩ ልጆቻቸውን 18 ዓመት እስኪሞላቸው እናሳድጋለን ብለው ጽፈው በጣት አሻራ ፈረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ምርታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። መሬቱ ያው ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው የልፋታቸው ፍሬ ለማን ይሆናል የሚለው ብቻ ነው። ባለሥልጣናቱ ከመቅጣት ይልቅ አሠራሩን ፈቀዱት፣ ከዚያም በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ሁለቱ ኮሪያዎችም አሉ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ታሪክ። በ1945 ሲከፈሉ ከባድ ኢንዱስትሪውና የኤሌክትሪክ ኃይሉ በአብዛኛው የነበረው በሰሜን ነው። ዛሬ የደቡቡ ነዋሪ ገቢ ከሰሜኑ ከ20 እጥፍ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ይህን ልዩነት ባህል ወይም የአየር ንብረት አያብራራውም።

ስለዚህ ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ ደንቡ ጥብቅ መሆኑ ብቻውን ነጋዴን አይገድለውም፣ ጥብቅ ሆኖ የማይለዋወጥ ደንብ ውስጥ ሰው ሒሳቡን ሠርቶ ይኖራል፤ የሚገድለው ማታ የተፈቀደው ጠዋት ሲከለከል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቻይናም ደቡብ ኮሪያም ያደጉት በአምባገነን ሥር አይደል? ጠንካራ መሪ ካለ ሌላው ትርፍ ነው።

መልስ፦ አይደለም። ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ፣ ስህተቱም ያደጉትን ብቻ መቁጠሩ ላይ ነው። በደቡብ ኮሪያ ፓርክ ቹንግ ሂ አምባገነን ነበር፣ አገሩም አድጓል፤ እውነት ነው። በዛየር፣ በዛሬዋ ዴሞክራሲያዊት ኮንጎ፣ ሞቡቱም አምባገነን ነበር፣ ከ30 ዓመት በላይ ገዝቶ አገሩን ባዶ አድርጎ ነው የሄደው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሚሊዮኖችን የገደለው የቻይናው አስከፊ ረሃብም ሆነ ከ1978 በኋላ ያለው ዕድገት የመጣው በአንድ ፓርቲ ሥር ነው። የሚቃወም በሌለበት ጥሩ ውሳኔም መጥፎ ውሳኔም በፍጥነት ይፈጸማል፤ የትኛው እንደሚደርስህ ግን ዕድል ነው። አሴሞግሉና ባልደረቦቹ የብዙ አገሮችን ታሪክ አወዳድረው ወደ ዴሞክራሲ የተሸጋገረ አገር በ25 ዓመት ውስጥ የነፍስ ወከፍ ገቢው ባይሸጋገር ከሚሆነው በ20 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አግኝተዋል።

ከኮሪያ መወሰድ ያለበት ጡጫው አይደለም። መሬት ለአራሹ ተከፋፍሎ ነበር። ሕፃናት ሁሉ አንደኛ ደረጃ ይገቡ ነበር። መንግሥት ለኩባንያ ርካሽ ብድር ሲሰጥ በምላሹ ወደ ውጭ ምን ያህል ሸጠህ ብሎ ይጠይቅ ነበር፣ ያልሸጠ ብድሩ ይቋረጥበታል። ብዙ አገሮች ድጎማውን ቀድተው ጥያቄውን ተዉት። ኮሪያ በ1964 ወደ ውጭ የምትሸጠው በጠቅላላ 100 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ ብላ በዓል ያደረገች አገር ናት። ያኔ ከምትሸጠው ውስጥ ከሰው ፀጉር የተሠራ ዊግ ይገኝበታል። በ1977 ግን 10 ቢሊዮን ዶላር ደርሳለች።

ጥያቄ፦ ትምህርት የዕድገት ቁልፍ ነው ይባላል። እኔ ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ ግን የለኝም። ምኑ ላይ ነው ቁልፍነቱ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ያማል፣ እውነትም አለው። ሮበርት ሶሎው የሚባለው ኢኮኖሚስት የአሜሪካን ከ1909 እስከ 1949 ያለውን ዕድገት መርምሮ አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው እንዲጨምር ካደረገው ውስጥ ከስምንት እጅ ሰባቱ የመጣው ማሽን በመጨመር ሳይሆን በተሻለ ቴክኒክና አሠራር እንደሆነ አሳየ። ስለዚህ ዕውቀት ዋናው ነገር ነው። ግን ዕውቀት እንጂ ወረቀቱ አይደለም። የዓለም ባንክ እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 ዓመት ልጆች ከግማሽ በላዩ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። አብዛኞቹ ግን ትምህርት ቤት ገብተዋል። ቬትናም ደግሞ ገና ድሃ ሳለች፣ በ2012 በተደረገው ዓለም አቀፍ ፈተና የ15 ዓመት ተማሪዎቿ በሒሳብ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። መምህሩ በሰዓቱ ክፍል ይገኛል፣ ይመዘናል፣ ይከበራል።

የአንቺ ችግር ግን ከዚህም ያልፋል። የተማረ ሰው የሚቀጥረው ድርጅት ይፈልጋል። ድርጅቱ ደግሞ ቅድም የእንጨት ሥራ ባለቤቱ ያነሳውን ይፈልጋል፤ የተረጋጋ ደንብ፣ በተጨማሪም መብራት፣ መንገድና ብድር። እነዚያ ሳይኖሩ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ማብዛት የተማረ ሥራ አጥ ማብዛት ነው። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

ጥያቄ፦ አገር ቢበደር ምን ችግር አለው? ሁሉም ይበደራል።

መልስ፦ መበደሩ ችግር የለውም፤ ወሳኙ በምን ገንዘብ ተበድሮ ምን ሠራበት የሚለው ነው። ኮሪያ የፖስኮን ብረት ፋብሪካ ስታቋቁም የዓለም ባንክ አያዋጣም ብሏት ነበር። ከጃፓን ካሣና ብድር ባገኘችው ገንዘብ ገነባችው፣ በ1973 ማምረት ጀመረ፣ መርከቧም መኪናዋም በዚያ ብረት ተሠራ። ስሪላንካ ግን የውጭ ምንዛሪ ዕዳዋ እየከበደ፣ ዶላር የሚያመጣው ቱሪዝም በኮሮና ወረርሽኝ ሲቆም፣ ግብርም ቀንሳ ስለነበር፣ በሚያዝያ 2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። ሰው ለነዳጅ በሰልፍ አደረ። ዕዳው በዶላር ከሆነ የሚሠራበት ነገር ዶላር ማምጣት ወይም ማዳን አለበት። ለሐውልትና ለደመወዝ በዶላር የሚበደር አገር ሒሳቡን የሚያወራርደው በልጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ወደብ የሌለው አገር ማደግ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፣ ግን ይከብደዋል። ከላይ ቦትስዋናን አይተናል፤ ስዊዘርላንድም ወደብ የላትም። ስዊዘርላንድ ግን ጎረቤቶቿ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ናቸው፣ እነሱ ራሳቸው ገበያዋ ናቸው። ጎረቤቱ ድሃ ወይም ጠበኛ የሆነበት አገር ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር ተጨማሪ ይከፍላል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ሰላም መሆንና የጋራ መንገድ ማበጀት ለእንዲህ ያለ አገር የኢኮኖሚ ፖሊሲው ዋና ክፍል ነው። በአውሮፕላን የሚላክ ቀላልና ውድ ዕቃ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ አገልግሎትም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ዕድገት ስንት ዓመት ይፈጃል? እኔስ በዕድሜዬ አየው ይሆን? 31 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ ራስህ አስላው። 70ን በዓመታዊ የዕድገት መቶኛ አካፍል፤ የሚወጣው ቁጥር ገቢ እጥፍ እስኪሆን የሚፈጀው ዓመት ነው። በ1 በመቶ 70 ዓመት፣ በ3.5 በመቶ 20 ዓመት፣ በ7 በመቶ 10 ዓመት። ግን መጀመሪያ የሕዝቡን ዕድገት ቀንስ። ኢኮኖሚው በ5 በመቶ ቢያድግና ሕዝቡ በ2.5 በመቶ ቢጨምር ለአንድ ሰው የሚደርሰው 2.5 በመቶ ገደማ ነው፤ እጥፍ ለመሆን 28 ዓመት። አንተ ያኔ 59 ትሆናለህ። በ7 በመቶ የነፍስ ወከፍ ዕድገት ቢቀጥል ደግሞ 61 ዓመት ሲሞላህ ገቢው ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ዕድገት ለረጅም ጊዜ ያስቀጠሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ አገሮች ናቸው። ብዙዎቹ የሚሰናከሉት ፈጥነው ማደግ አቅቷቸው አይደለም። አምስት ዓመት አድገው በጦርነት፣ በዕዳ ወይም በዋጋ ንረት ምክንያት ያገኙትን መልሰው ስለሚያጡት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የዕድገት ዜና ስትሰማ ሁለት ነገር ፈልግ፤ ቁጥሩ በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በጠቅላላ? ያለፉት አሥር ዓመታት አማካይስ ስንት ነው? የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግርህም።